ገንዘቡ ለቀበሮው ይሁን ለሣሩ? የዱር እንስሳት ጥበቃ ድጋፍ የት እንደሚውል ለመምረጥ

ለዱር እንስሳት ጥበቃ ገንዘብ የሚሰበስብ ሁሉ ፖስተሩ ላይ የሚያወጣው ቀይ ቀበሮን፣ ዋልያን ወይም ባለ ጥቁር ጎፈሬውን አንበሳ ነው። ፍልፈል የለጠፈ የለም። ሰው የሚሰጠው ለወደደው ስለሆነ ይህ አያስገርምም። ጥያቄው የሚመጣው ብሩ ከገባ በኋላ ነው። በቀበሮው ስም የተሰበሰበው ለቀበሮው ብቻ ይዋል? ወይስ ለሚኖርበት ሣር፣ ለሚበላው ፍልፈል፣ ስሟን ማንም ለማያውቃት የሜዳ ወፍ?

ይህን የጻፍነው ለሚሰጡ ሰዎች ነው፦ በጀቱ ላይ "ለአካባቢ ጥበቃ" የሚል መስመር ላለው ድርጅት፣ ለአስጎብኚዎች ማኅበር፣ ውጭ አገር ሆኖ ከደመወዙ ለሚያዋጣ የመረዳጃ ማኅበር። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቋማችንን ከፊት እንናገር። ዓይን የሚገባ እንስሳ ገንዘቡ የሚገባው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ፣ የሚጨርሰው ነገር በገንዘብ ሊቆም የሚችል ሲሆን፤ ሁለተኛ፣ ለእሱ የሚሠራው ሥራ አብረውት ለሚኖሩትም ሲተርፍ። አንዱ ከጎደለ ገንዘቡ ወደ ሌላ ቢሄድ ይሻላል።

በቀጥታ ለአንድ ዝርያ፦ ቀይ ቀበሮ

በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ተራሮች ላይ ሲሆኑ ቀሪዎቹ በአርሲ፣ በስሜን፣ በወሎ ደጋዎችና በመንዝ ጓሳ ተበታትነው ይገኛሉ። ስሙም የራሱ ታሪክ አለው። ፈረንጆቹ "የስሜን ቀበሮ" ሲሉት ቆይተው ዝምድናው ከተኩላ ጋር መሆኑ ሲታወቅ "የኢትዮጵያ ተኩላ" አሉት። የባሌ እረኛ በበኩሉ "ጀዳላ ፈርዳ"፣ የፈረስ ቀበሮ ይለዋል፤ ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ተከትሎ እንግዴ ልጁን ሲጠብቅ ስለሚታይ።

ቀበሮውን በጅምላ የሚገድለው ጠመንጃ ሳይሆን ውሻ ነው። ከከብት ጋር ወደ ደጋው የሚወጡ ውሾች ሁለት በሽታ ይዘው ይመጣሉ፦ የእብድ ውሻ በሽታ እና ካናይን ዲስቴምፐር የተባለ ሌላ የውሻ ቫይረስ። የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ በ1991-92፣ በ2003-04፣ በ2008-09 እና በ2014 ገብቷል። ዲስቴምፐር ደግሞ በ2005-06፣ በ2010 እና በ2015-16። ቀበሮዎቹ ለብቻቸው ቢያድኑም የሚኖሩት በቤተሰብ ነው፤ ጠዋት ሲገናኙ አፍ ለአፍ እየተላላሱ ሰላም ይባባላሉ። በዚህ ምክንያት አንዱ ከታመመ መላው ቤተሰብ ያልቃል። በ2003-04 ባሌ ባለው የወብ ሸለቆ ውስጥ በሽታው የደረሰባቸው ቤተሰቦች ከአባሎቻቸው ሦስት አራተኛ ያህሉን አጥተዋል።

ይህ በገንዘብ ሊቆም የሚችል ችግር ነው፤ መንገዱም ሁለት ነው።

የመጀመሪያው የውሻ ክትባት ነው። ዒላማው በየዓመቱ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶውን መድረስ ነው። ከዚያ ካነሰ በሽታው መሄጃ አያጣም። ቀላል የሚመስለው ሥራ የሚበላሸው በሚከተሉት ቦታዎች ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ሁሉም የሚፈራው ሙቀቱን ነው፤ ባሌ ባለው ሳኔቲ አምባ ላይ ግን ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ሳጥኑን ከድንኳን ውጭ ያሳደረ ቡድን ጠዋት በረዶ የሠራ ክትባት ያገኛል፤ ያ ደግሞ ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። ሌላው ጊዜው ነው። ከብቱና ውሻው ወቅት ጠብቀው ወደ ደጋው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ዘመቻው ከብቱ ከመውጣቱ በፊት ቆላው ድረስ ወርዶ ካልደረሰ ያልተከተበው ውሻ ቀድሞ ቀበሮው ሰፈር ይገባል። ሦስተኛው የዓመቱ ለውጥ ነው። የገጠር ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ ዘንድሮ 70 በመቶ ያደረሰ ቡድን የከርሞውን ከዘለለ ቡችሎቹ ቁጥሩን ያወርዱበታል። ስለዚህ የአንድ ዓመት የክትባት ዘመቻ መደገፍ፣ ሁለተኛው ዓመት ካልተያዘለት፣ ብር መጣል ነው ብንል አላጋነንም።

ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ መርፌው ለእብድ ውሻ በሽታ ብቻ ነው ወይስ ዲስቴምፐርንም ይጨምራል? መልሱ ብዙ ጊዜ "ለእብድ ውሻ ብቻ" ነው። ይህ ስህተት አይደለም፤ ሁለተኛው በሽታ ግን ሳይነካ እንደሚቀር አውቃችሁ ስጡ።

ሁለተኛው መንገድ ራሱን ቀበሮውን መከተብ ሲሆን በሰፊው የተጀመረው በ2018 ነው። ፈሳሽ ክትባት በትንሽ ከረጢት ይሞላና በፍየል ሥጋ ይሸፈናል፤ ቡድኑ በፈረስ እየዞረ በየቤተሰቡ ክልል ያስቀምጠዋል። ቀበሮው ሲነክሰው ከረጢቱ መፈንዳት፣ ፈሳሹም የአፉን ውስጠኛ ቆዳ መንካት አለበት። ሳያኝክ ከዋጠው ሥጋ በላ እንጂ አልተከተበም። ለዚህ ነው "ይህን ያህል ሥጋ አድለናል" የሚል ሪፖርት ብቻውን የማይበቃው፤ ስንት ቤተሰብ፣ በቤተሰቡ ውስጥ ስንት ቀበሮ፣ የሚወልዱት ጥንዶች ይኑሩበት አይኑሩበት መጻፍ አለበት። ሁሉንም መድረስ ግን ግዴታ አይደለም። ባሌ ላይ በተሠራ ስሌት መሠረት ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን መከተብ ዝርያው ጨርሶ እንዳይጠፋ ብዙ ያግዛል። ውሻው 70፣ ቀበሮው 40 የሆነበት ምክንያት ግቡ ስለሚለያይ ነው፤ ውሻው ላይ በሽታውን ማቆም ነው የሚፈለገው፣ ቀበሮው ላይ ግን ዘር የሚያስቀጥል ጥቂት እንዲተርፍ።

የውሻ ክትባት ከቀበሮው አልፎ ለሰውም ይተርፋል፤ በእብድ ውሻ ተነክሰው ከሚሞቱት መካከል ሕፃናት ጥቂት አይደሉምና። ከሁለቱ መመዘኛዎቻችን ሁለቱንም ያልፋል። ዓይን ለሚገባ እንስሳ ስጡ ከምንልባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

የማይሠራውም አለ። የተከተበ ቀበሮ ሣር ካልቆየለት በሽታ ሳይሆን ረሃብ ይገድለዋል። ባሌ ላይ ዋና ምግቡ ከዚያ ውጭ የትም የማይገኘው ትልቁ ፍልፈል ነው፤ ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል። ይህ ፍልፈል ጭንቅላቱን ከጉድጓድ ብቅ ያደርግና ዙሪያውን ያለውን ሣር ነጭቶ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ቀበሮውም አጠገቡ ሳይንቀሳቀስ የሚቆመው ይህን አውቆ ነው። ገብስ የታረሰበት ወይም ከብት እስከ አፈሩ የላጨው ሜዳ ላይ ፍልፈሉ የሚነጨው አያገኝም። ለፍልፈል ግን ማን ይሰጣል?

"ለአንዱ ከተደረገ ለሁሉም ይተርፋል" የሚለው

ድርጅቶች ሲጠየቁ የሚመልሱት የተለመደ መልስ ይህ ነው፦ ትልቁን እንስሳ ስንጠብቅ ሌላው ሁሉ ከጥላው ሥር ይድናል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። የታወቀው ምሳሌ የቻይናው ፓንዳ ነው። ከ1961 ጀምሮ የአንድ ታላቅ ዓለም አቀፍ ድርጅት ዓርማ ሆኖ፣ ብዙ ገንዘብ ወጥቶለት፣ በ2016 ከ"አደጋ ላይ" ወደ "ተጋላጭ" ደረጃ ተሻሽሏል። በ2020 የወጣ ጥናት ግን በእነዚያው የፓንዳ ክልሎች ውስጥ ከ1960ዎቹ ወዲህ ነብር ከ81 በመቶው፣ ተኩላ ከ77 በመቶው፣ ዶል የሚባለው የእስያ የዱር ውሻ ከ95 በመቶው ክልሎች መጥፋቱን አሳይቷል። ቀርከሃ የሚበላና ትንሽ ቦታ የሚበቃው እንስሳ ሰፊ አገር ለሚዞር አዳኝ ጥላ ሊሆነው አልቻለም።

ስለዚህ ጥላ አለው ሲባል ለማን እንደሆነ አስቆጥሩ። ቀበሮው ለፍልፈሉ፣ ለጅብራውና ለሣሩ ጥላ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሜዳ ስለሚጋሩ። ከታች ሐረና ጫካ ውስጥ ላሉት፣ ከባሌ ሌላ ቦታ ለማይገኙት እንቁራሪቶች ግን ምንም አይፈይድም። እነሱ የሚፈልጉት የጫካ ጥላና ንጹሕ ምንጭ ነው።

ለመሬቱ፦ ፓርክና ጠባቂ

ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስፋቱ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ2023 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ከተራራው በሚወርደው ውሃ የሚኖረው ሕዝብ፣ ሶማሌ ክልልንና ጎረቤት ሶማሊያን ጨምሮ፣ ወደ 12 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይነገራል። ይህ ሁሉ በአንድ ፎቶ አይወጣም፤ ስለዚህ "ለፓርኩ" ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብ ሁልጊዜ ትንሽ ነው።

የዚህ አማራጭ ትልቁ ድክመት ሌላ ነው። "ለሥነ ምህዳር" የተባለ ገንዘብ በቀላሉ ወደ ዎርክሾፕ፣ ወደ አበልና ወደ መኪና ይሄዳል። ቀበሮ ቢያንስ ይቆጠራል፤ "አቅም ግንባታ" ግን አይቆጠርም። የምንጠቀምበት መፈተኛ ጥያቄ አጭር ነው፦ ከ100 ብር ስንቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል? የጠባቂ ደመወዝ፣ ውሃ የማያስገባ ጫማ፣ ካፖርት፣ ድንኳን፣ የፈረስ ገብስ፣ የሬዲዮ ባትሪ ይወጣሉ። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ የተደረገ ስብሰባ አይወጣም።

ጠባቂው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አገራችን ደጋግማ አይታለች። በ1991 በመንግሥት ለውጡ ወቅት የባሌ ፓርክ ተዘርፏል፣ የደጋ አጋዘንም በብዛት ተገድሏል። ለሃያ ዓመት የተሠራው በጥቂት ወራት ሄደ። ዋልያም እንዲሁ ነው። ስሜን ተራሮች በ1978 በመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተመድቦ፣ በ2017 ወጥቷል። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ የዋልያ ቁጥርም እንደገና አሽቆለቆለ። ብሔራዊ ቡድናችን በስሙ ይጠራል፣ ቢራ በስሙ ተጠምቋል፤ በችግር ቀን ግን ገደሉ ላይ የሚቆምለት ደመወዙ ያልተቋረጠበት ጠባቂ ነው። ስለዚህ ዋልያን ለመርዳት ለሚያስብ ምክራችን ሌላ ቆጠራ ከመደገፍ ይልቅ በክፉ ዘመን የሚወጣ የጠባቂ ደመወዝ መጠባበቂያ እንዲያቋቁም ነው። እርግጥ ቆጠራው ፎቶ አለው፤ መጠባበቂያ ሒሳብ የለውም።

ሌላ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር አለ። በ2016 ግጭ ከሚባለው የስሜን መንደር 418 አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ሣሩ እንዳገገመ የሚመሰክሩ አሉ፤ ግን ገበሬውም ዋጋ ከፍሏል። የምትሰጡት ገንዘብ ሰው የሚያስነሳ ከሆነ መሬቱ፣ ካሳውና የአዲሱ ቦታ ውሃ በውሉ ላይ ተጽፈው እዩ፤ ካልተጻፉ አትፈርሙ።

ለባለቤቱ ማኅበረሰብ፦ ጓሳ

መንዝ ውስጥ ከ3,200 ሜትር በላይ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ሜዳ አለ፤ ጓሳ ይባላል፣ ስሙም የሣሩ ስም ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአቅኚ አባቶች የአስቦና የጌራ ልጆች ቄሮ በሚባል ሥርዓት (ከቅርብ ዘመኑ የፖለቲካ ቃል ጋር እንዳይምታታ) ሜዳውን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በጋራ ከፍተው ያጭዱት ነበር። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ በኋላ በኮሚቴ መልክ ተመልሷል። ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም እዚያ አሉ፤ የተረፉት ደግሞ የሰውየው ጣራ ሣር ስለፈለገ ነው።

እዚህ ገንዘብ በጥንቃቄ ነው የሚገባው። የማኅበረሰብ ጠባቂዎች አበል፣ የጥበቃ ማማ፣ ለጎብኚ ማረፊያ ጥገና፤ ይህ ይበቃል። ብዙ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ኮሚቴውን የገንዘብ ኮሚቴ ያደርገዋል፤ ዘበኝነቱን በነጻ ይሠራ የነበረው ሰውም "ለማን ብዬ?" ማለት ይጀምራል። ትንሽና ዓመት በዓመት የሚመጣ ይሻላል። የቤተ ክርስቲያን ደኖችም እንዲሁ ናቸው። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከማኅበረሰቡ ጋር ያስፋፉት ሥራ ከእርሻ የተለቀመ ድንጋይ በደኑ ዙሪያ መካብ ነው። ካቡ ከብት ያግዳል፤ ችግኝ ያድጋል። አንዴ ከተካበ ወጪው አልቋል ማለት ይቻላል፤ ከሁሉም አማራጮች ውስጥ የሚደጋገም ወጪ ለመሸፈን አቅም ለሌለው ሰው የሚመች ይሄ ነው።

ማንም ለማያውቃቸው

ነገሌ አጠገብ ሊበን በሚባል ሜዳ ላይ ሊበን ላርክ የምትባል ቡናማ ወፍ አለች። ድንቢጥ ናት ብሎ የሚያልፋት ሰው አይወቀስም። ከአፍሪካ ዋና ምድር በዘመናችን የመጀመሪያዋ የምትጠፋ ወፍ እንዳትሆን የተሰጋላት እሷ ናት። ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ ሣር ሥር ነው፤ ሣሩ ሲላጭ ጎጆዋ ይረገጣል፣ ቁጥቋጦ ሲወርር ሜዳዋ ይጠፋል፣ ሲታረስ ደግሞ መመለሻ የለም። መድኃኒቱን ቦረናዎች ቀድሞውንም ያውቁታል። ካሎ ይሉታል፤ ለደካማ ከብትና ለጥጃ በዝናብ ወቅት የሚከለል ግጦሽ ነው። ወራሪው ቁጥቋጦ ይቆረጣል፣ የተቆረጠው እሾህ አጥር ይሆናል፤ በአንድ መጥረቢያ ሁለት ሥራ። ሣሩ ሲያድግ ወፏ ትመለሳለች፣ በበጋ ጥጃው ይበላል። ወጪው በአብዛኛው የቀን ሠራተኛ ክፍያ ነው።

የሚበላሸው በድርቅ ነው። ከብት እያለቀ ካሎውን አትክፈቱ ማለት አይቻልም፣ ተገቢም አይደለም። ስለዚህ በጀቱ ውስጥ ለድርቅ ዓመት የሚገዛ ድርቆሽ ከሌለ ዕቅዱ ግማሽ ነው። ውጤቱን ለመለካት ንጋት ላይ እየበረሩ የሚዘምሩትን ወንዶቹን በተወሰነ መስመር እየተራመዱ መቁጠር ነው፤ ካሎው ከመከለሉ በፊት አንዴ፣ ከዚያ በየዓመቱ በዚያው ወር።

ጥንብ አንሳንም አንርሳ። ሕንድ ውስጥ ለከብት ይሰጥ የነበረ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ የከብቱን ሬሳ የበላውን ጥንብ አንሳ ኩላሊት እየገደለ ከ95 በመቶ በላይ አሳጣቸው፤ በ2006 ለከብት እንዳይሰጥ ተከልክሏል። ጥንብ አንሳው ሲጠፋ ሬሳውን የበላው ውሻ ነበር፣ ውሻው ሲበዛም የእብድ ውሻ በሽታው። እኛም ጋ ቄራ ላይ የሚያንዣብቡት ብዙዎቹ ዝርያዎች ከፍተኛ አደጋ ላይ ናቸው፤ ለጅብና ለውሻ የሚጣል መርዝ እነሱን ይጨርሳል። ቀበሮን ለማዳን የሚያስብ ሰው የጥንብ አንሳን ጉዳይ እንደ ሌላ ርዕስ ሊያየው አይገባም።

አንድ እንስሳ ማዳን

ከምሥራቅ ኢትዮጵያ በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚሸጡ የአቦ ሸማኔ ግልገሎች አሉ። የተያዘ ግልገል ልብ ይነካል። ሒሳቡ ግን ይኸው፦ አንድ አቦ ሸማኔ በቀን ወደ 2 ኪሎ ሥጋ ቢበላ በዓመት 730 ኪሎ፣ በ12 ዓመት 8,760 ኪሎ ይሆናል። ያለ እናቱ ያደገ ደግሞ ማደን ስለማይማር ብዙውን ጊዜ ወደ ዱር አይመለስም። ይህ የደግነት ሥራ ነው፤ ለዝርያው የሚያደርገው ጥቂት ነው። በገንዘብ አንርዳ አንልም፤ "ጥበቃ" በሚለው መስመር ግን አትመዝግቡት። ለዝርያው የሚጠቅመው ግልገሉ ከመያዙ በፊት የሚሠራው ነው፤ ፍየል ለተበላበት አርብቶ አደር የሌሊት በረት ማጠናከር እና ኬላ ላይ ያለውን መርማሪ ማሠልጠን።

እንዴት ይሰላል

በ2009 ለኒውዚላንድ የታተመ ቀላል ስሌት አለ። ጥቅሙን በሚሳካበት ዕድል ታባዛላችሁ፣ ለዝርያው በሚሰጥ ክብደት ታባዛላችሁ፣ ለወጪው ታካፍላላችሁ። ለማሳያ ያህል የፈጠርናቸውን ቁጥሮች እንውሰድ። የውሻ ክትባት የመጥፋት አደጋን በ25 ነጥብ ይቀንሳል፣ የመሳካት ዕድሉ 0.8፣ ወጪው 2 ሚሊዮን ብር ነው እንበል፤ 10 ይመጣል። ካሎው 30 ነጥብ፣ ዕድል 0.5፣ ወጪ 1 ሚሊዮን፤ 15። የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ማሳደጊያ ማዕከል 5 ነጥብ፣ ዕድል 0.9፣ ወጪ 3 ሚሊዮን፤ 1.5። ክብደቱን ለሦስቱም እኩል አድርገናል።

ሰዎች የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ወጪውን የአንድ ዓመት አድርገው ሲያስገቡ ነው፤ የአምስት ዓመት ይሁን። ሁለተኛው "ክብደት" የሚለው ነው። ዋልያ የአገር ምልክት ስለሆነ በ3 እናባዛ ይባልና ዓይን የሚገባው እንስሳ በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል። ክብደት መስጠት ይቻላል፤ ግን ስሌቱን ከመሥራት በፊት ተስማምታችሁ ጻፉት፣ ውጤቱን አይታችሁ አትቀይሩት።

ከመፈረም በፊት

ባሌና ስሜን በፌዴራሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሥር ናቸው፤ ጓሳ ግን የአማራ ክልል ነው። ስምምነቱ ከትክክለኛው መሥሪያ ቤት ጋር ካልሆነ ሥራው መንገድ ላይ ይቆማል። ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ለአምስት ቦታ አትበትኑት፤ አንድ የድንጋይ ካብ ወይም አንድ ካሎ ይሻላል። መካከለኛ ከሆነ የውሻ ክትባት፤ ብዙ ከሆነ የጠባቂ ደመወዝ መጠባበቂያ። ገንዘብ ለመሰብሰብ የቀበሮውን ፎቶ ተጠቀሙ፣ አያሳፍርም፤ ከሥሩ ግን "ከዚህ ገንዘብ ይህን ያህሉ ለውሻ ክትባት፣ ይህን ያህሉ ለሣር ጥበቃ ይውላል" ብላችሁ ጻፉ። ያልተጻፈ እንደሆነ ሰጪው ለቀበሮ ብዬ ሰጠሁ ይላል፣ ተቀባዩም ከዚያ ውጭ ለማዋል ይፈራል።

ሪፖርት ስትጠይቁ በቀበሌ የተከፋፈለ ይሁን፦ ስንት ውሻ አለ ተብሎ ተገመተ፣ ስንቱ ተከተበ፣ የማቀዝቀዣው ሳጥን ሙቀት በቀን ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል ወይ። የሁለተኛው ዓመት ገንዘብ ደግሞ በመጀመሪያው ፊርማ ላይ ይገባ፤ በመካከል የሚወለዱት ቡችሎች ቦርዳችሁ እስኪሰበሰብ አይጠብቁም።